መሬት ሳላስረግጥ የሳልኩት ወንድሜ

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰው ከመሳሌ በፊት የሚቆምበትን መሬት መሳል እንዳለብኝ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ሥዕልና መጽሔት የሚያዘጋጅ አንድ ማዕከል በጽዳትና በተላላኪነት ቀጥሮኝ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከማባዣው ክፍል ከሚጣለው ወረቀት ነው። ቀለም የፈሰሰበት፣ ግማሽ ገጹ ሳይታተም የቀረ፣ ተገልብጦ የወጣ፤ እሱን ሰብስቤ ቤቴ እወስድና አነባለሁ፤ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። በጀርባው ደግሞ ሥዕል እሞክራለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሽኝቴ ቀን በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ፣ ሕይወት ትባላለች፣ በኮምፒውተር የምትስለውን ተከታታይ የሥዕል ታሪክ፣ ኮሚክ የሚሉትን፣ አሳየችኝ። ጀግናዋ ከመዳፏ መብረቅ የምትወረውር ሴት ናት። ሥራዋ ደስ ይላል፤ እጇ ከእኔ እጅ የቀለለ ነው። «እትዬ አትጠገብ፣ የእርስዎ ጀግናስ ምን ኃይል ነበረው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ኬክ ይዞ ቆሞ ስለነበር ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ላልመለስኩላት ጥያቄ ነው።

የማዕከሉ ሠዓሊ የኔታ ፈንቴ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው ያደጉ ናቸው፤ የመንግሥት ደመወዝ የጀመሩት ከሸበቱ በኋላ ነው። አንድ ቀን ክፍላቸውን ስጠርግ ከኪሴ የወደቀ ወረቀት አነሡ። ከብት የሚነዳ ሰው ስዬበታለሁ። አገላብጠው ካዩት በኋላ «ይህ ሰው የት ነው የቆመው?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነዋ፣ የኔታ።»

«መንገዱ የታለ?»

እርሳሱን አንሥተው ከእግሩ ሥር አንዲት መስመር አሰመሩ። ሰውየው ወዲያው ከበደ። ከአየር ላይ ወርዶ መሬት ያረፈ መሰለኝ። «ሰው ሲሣል መጀመሪያ መሬቱ ይሣላል። መሬት ያልረገጠ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ሐሰት ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠርጌ፣ ከሰዓት አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ረዳት ሠዓሊ ብለው ደብዳቤ ጻፉልኝ።

የየኔታ ልማድ ብዙ ነው። ፊት ከመሣላቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ጣት ይቆጥራሉ፤ አምስት ስለመሆኑ ሳያረጋግጡ ወደ ሌላው እጅ አይሄዱም። ከሁሉ የማልረሳው ግን ጋሽ ዋሴን የሚጠሩበት ልማዳቸው ነው። ጋሽ ዋሴ ዘበኛችን ነበር፤ ማንበብ አያውቅም። አንድ ሥዕል ባለቀ ቁጥር ይጠራና ከፊቱ ይያዝለታል። «ዋሴ፣ ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?» ይሉታል። ጋሽ ዋሴ ቶሎ ከመለሰ ሥዕሉ ያልፋል። ካመነታ ይፈርሳል። ከተሳሳተ ደግሞ ስሕተቱ የእሱ አይደለም፤ የእኛ ነው።

ስለ በራሪዎች፣ በአየር ስለሚበሩት የሥዕል ጀግኖች፣ የተነጋገርነውም ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ከይጁቤ ገበያ የመጣ ሳሙና በውጭ አገር ኮሚክ ቅጠል ተጠቅልሎ ቤታችን ገባ። አንድ ጡንቸኛ ሰው ከጣሪያ በላይ ይበራል። እናቴ ወረቀቱን በመዳፏ አቃናችው፣ ተሳለመችው፣ ከቅዱሳኑ ሥዕል አጠገብ ለጠፈችው። «እማ፣ ክንፉስ?» ብላት «ረስተውት ይሆናል» አለች። ይህን ለየኔታ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ጠየቁኝ።

«ቅዱስ ተአምር ሲያደርግ ኃይሉ የተሰጠው ነው፤ ሰጪው ይታወቃል። ያ የሳሙናው ሰውሽ ኃይሉን ከየት አመጣው?»

«ከጡንቻው ይሆናል።»

«እንግዲያ ይደክመዋል» አሉ። «ከጡንቻው ያመጣ ሰው ይደክመዋል። የሚደክም ሰው ሲሣል ድካሙም አብሮ ይሣላል።»

የመጀመሪያው አለቃችን ከማኅተም በቀር የሚወደው ነገር አልነበረም፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው አቶ ልየው ግን ሥራ ወዳድ፣ ሩቅ አሳቢ ሰው ነበር፤ ክፉ እንዳይመስላችሁ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መጽሔት ጀመረ። አንድ ቀን ጠርቶን «ከመጨረሻው ሁለት ገጽ ላይ ተከታታይ ሥዕል እፈልጋለሁ። ግን የውጭ አገር በራሪ አይደለም። የራሳችን ጀግና፣ ልጆቹ አባቴን ይመስላል የሚሉት» አለ። የኔታ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ሥራው ለእኔ ደረሰ። ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። ወንድሜን ሣልኩት።

ታላቅ ወንድሜ ምኒችል ከይጁቤ በታች፣ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ነበር የሚያርሰው። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ሰው ያሻግራል። አንድ ሰው በጀርባው ያዝላል፤ በግራ እጁ ይደግፈዋል፤ በቀኝ እጁ ከራሱ ቁመት የሚረዝም ዘንግ ይይዛል። በዘንጉ የወንዙን ወለል እየነካካ ነው የሚራመደው። «ወንዝ በዓይን አይነበብም» ይል ነበር። መካከል ሲደርስ ቆሞ ይተነፍሳል። ዳር ሲወጣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ማንም አያናግረውም። ይህን የሚያደርገው ለነፍሱ ነው። «እግዜር ቁመት የሰጠኝ ለጌጥ ነው እንዴ?» ይላል።

የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁትን ሁሉ አድርጌ ሣልኩ። ስምንት ሳጥን ነው፤ በየሳጥኑ አንድ ሥዕል። ዘንጉ አለ፤ ውኃው እስከ ወገቡ ነው፤ አዝሏት የሚሻገራት አሮጊት ጥምጥሙን ጨብጣለች፤ በመጨረሻው ሳጥን ወንድሜ ድንጋይ ላይ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ጋሽ ዋሴ ተጠርቶ መጣ።

«ምን እያደረገ ነው?»

«አሮጊት አሻግሮ ደክሞት ተቀምጧል። ቢያንስ ጠላ አይሰጡትም እንዴ?» አለ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለፈ።

ከዚያ ከልጆች ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ከደብተር የተገነጠለ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ። «ምኒችል በሬ መሸከም ይችላል?» ይላል አንዱ። «ምኒችል ክረምቱን ሙሉ አይበርደውም?» ይላል ሌላው። ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ አንዲት ልጅ «እውነት ሰው ነው?» ብላ ጻፈች። በዕድሜዬ ከሥራ ደብዳቤ በቀር ተጽፎልኝ አያውቅም ነበር። እያንዳንዱን ቤቴ ወስጄ ደጋግሜ አነብ ነበር። ልብ ሲኩራራ እንደ ሊጥ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚነሣው።

በሁለተኛው ክፍል ዘንጉን አወጣሁት። ተንኮል አልነበረኝም። ዘንጉ ሳጥኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንድ ቦታ ላይ በሚሻገረው ሽማግሌ ፊት ላይ ያልፋል፤ ሥዕሉን ያበላሻል። ባነሣው ገጹ ጠራ። ውኃውንም ትንሽ ዝቅ አደረግሁት፤ እግሩ እንዲታይ። ድንጋይ ላይ የሚቀመጥበት ሳጥን ስላልበቃኝ ቀረ። አቶ ልየው ገጹን አይቶ «አሁን ገና ጀግና ሆነ!» አለ። የኔታ ግን ዓይናቸውን አጠበቡ።

በግንቦት ምኒችል ለማዳበሪያ ጉዳይ ከተማ መጣና እኔ ዘንድ ምሳ በላ። ኪሱ ውስጥ መጽሔቱ አለ፤ ከመታጠፉ ብዛት ጨርቅ ሆኗል።

«እታለም፣ ዘንጌን የት ጣልሽው?» አለኝ።

«ገጹ ጠበበኝ፣ አያ።»

«ገጹ ይጥበብ። ውኃው ግን አልጠበበም።» ሳቀ። ጉርሻውን ዋጠና ቀጠለ፤ «መምህሩ ገበያ ላይ ለሰው ሁሉ ያነባል። አሁን ዘንግ ይዤ ስገባ ያሾፉብኛል። 'የሥዕሉ ምኒችል ዘንግ አይዝም፤ አንተ አረጀህ ወይ?' ይሉኛል።»

«ተዋቸው። ምቀኞች ናቸው።»

«ምቀኞች አይደሉም፤ ወደውኝ ነው። እሱ ነው የከበደኝ።» መጽሔቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየው። ኩራቱን መደበቅ አልቻለም፤ አየሁበት። ልጆቹ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ። «በሚቀጥለው አድክሚኝ። እንደ መጀመሪያው አስቀምጪኝ። ሰው ደክሞኛል ስለው አያምነኝም።»

«እሺ» አልኩት። «አደክምሃለሁ።» ሁለታችንም ሳቅን።

ሣልኩትም። በሦስተኛው ክፍል ምኒችል ወንዙ ዳር ተቀምጧል፤ ሁለት ሰዎች አሻግረን ይሉታል፤ እሱ «ዛሬ ውኃው በልጦኛል፤ ነገ ኑ» ይላቸዋል። ሰዎቹ ተመልሰው ይሄዳሉ። በቃ፤ ይኸው ነው ታሪኩ። እስከ ዛሬ ከሣልኩት ሁሉ ያ ገጽ የተሻለው ነበር። ሽንፈቱ ትከሻው ላይ ይታያል።

አቶ ልየው ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና በጣቱ መታ መታ አደረገው። «አትጠገብ፣ የደከመ ሰውማ ልጁ ከቤቱ ደጅ ያያል። ለዚህ ወረቀት ይጠፋል? ሁለቱንም ያሻግራቸው። በአንድ ጊዜ።»

«ሁለት ሰው አይችልም።»

«ሥዕል ነው እኮ።»

እዚህ ላይ ራሴን አላድንም። እምቢ ብል አያባርረኝም ነበር። የኔታም ከእኔ ጋር ይቆሙ ነበር። ግን የሮብ ገበያዋ ልጅ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበረ። «እውነት ሰው ነው?» የሚለው። ተመልሼ ተቀመጥኩና አንድ ሌላ ገጽ ሣልኩ፤ ምኒችል አንዷን በጀርባው አዝሏል፤ ሌላዋን በብብቱ ደግፏል፤ ውኃው ከጉልበቱ በታች ነው፤ ፊቱ ይስቃል።

ጋሽ ዋሴ ተጠራ። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየ። «ውኃ ላይ እየሄደ ነው» አለ። «ቅዱስ ነው?»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «የወንድምሽ ስም ማነው?»

«ያውቁታል እኮ። ምኒችል።»

«ምን ይችል? ስሙ ጥያቄ ነው ልጄ፤ መልስ አይደለም። አንቺ ግን ሁሉን ይችላል ብለሽ መለስሽለት።» ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። «ሁለት ሰው ከያዘ፣ ዘንጉን በየትኛው እጁ ይይዛል?»

«የኔታ፣ የሚያነቡት ልጆች ናቸው። ሥዕል መሆኑን ያውቃሉ።»

«ልጆቹስ ያውቃሉ። እኔ የምፈራው ትልልቆቹን ነው» አሉ።

መጽሔቱ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ወጣ።

ነሐሴ ላይ የሆነውን የነገረኝ የአጎታችን ልጅ ዲያቆን ይበልጣል ነው፤ ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር። ጠዋት ነው። ሌሊቱን ዘንቧል። ከወንዙ ማዶ ቀብር አለ። አንዲት እናትና ሴት ልጇ ለመድረስ ይቸኩላሉ፤ ሟቹ የእናትየው ወንድም ነው። ምኒችል «አንድ በአንድ» አላቸው። እናትየው «አንዷን አድርሰህ እስክትመለስ አፈር ይለብሳል፤ አብረን አሻግረን በእናትህ» አለችው። እሱ ውኃውን አየ። ያን ጊዜ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ለጨዋታ ያህል «ሰኔ ላይ ሁለት አሻግረህ የለም እንዴ? ወይስ ያ ሌላ ምኒችል ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዘንጉን ለይበልጣል ሰጠው። «ያዝልኝ» አለው። እጅ አልቀረውማ።

እስከ መካከሉ ደህና ሄደ። መካከሉ ላይ እንደ ልማዱ ሊተነፍስ ቆመ። ከዚያ አንድ እግሩ ቦታ አጣ። ሴቶቹን ወደ ዳር ገፋቸው፤ ከዳር በተጣለ ገመድና በሰው እጅ ወጡ። እሱን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ከአለት ሥር አገኙት።

መርዶውን ይዞ ቢሮ የመጣው ይበልጣል ነው። ጋሽ ዋሴ በር ላይ ሰምቶ፣ ሊነግረኝ ገብቶ፣ አልቻለም፤ መጥረጊያ አንሥቶ የተጠረገውን ወለል ይጠርግ ጀመር።

ለቅሶ ቤት ስገባ የወንድሜ ሚስት ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ከበስተጀርባዋ ግድግዳው ላይ የሰኔው ገጽ ተለጥፏል። ሁለት ሴት ይዞ፣ ውኃው ከጉልበቱ በታች ሆኖ፣ ይስቃል። ሰው ሁሉ እያየው ያለቅሳል። ማንም «አንቺ ነሽ» አላለኝም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ሥራ ስመለስ የኔታን ጠየቅኋቸው። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

የሚያጽናና ነገር የሚሉኝ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አላሉኝም። «የገደለው ወንዙ ነው» አሉ። «ጥልቀቱን ያሳነስሽው ግን አንቺ ነሽ።» ማሰሮውን አንሥተው እጄ ላይ ውኃ አፈሰሱልኝ፤ ወረቀት ሰጡኝ። ያን ቀን ስንዴ ብቻ ሣልኩ።

አቶ ልየው ወፍራም ሰው ነበር፤ በዚያ ክረምት ልብሱ ሰፋው። ሥዕሉ ያለ አንዳች ቃል ይቁም አለ። ደብዳቤው ግን አልቆመም። «ምኒችል የት ሄደ?» ለእያንዳንዱ በእጄ ጻፍኩ፤ «ምኒችል እንደ እኔና እንደ አንተ ሰው ነበር። ወንዝ ወሰደው። አርፏል።» ከዚህ የቀለለ ቃል ላገኝ አልቻልኩም። አንዱ ልጅ መልሶ ጻፈልኝ፤ «እሺ። ሲነሣ ንገሩን።»

ያ ደብዳቤ አሁንም አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝውውር ጠየቅሁ። ደብረ ኤልያስ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት፣ ሮብ ገበያ አራት ዓመት፤ ፊደል፣ የላም የአካል ክፍል፣ የቢልሃርዝያ ዑደት ሣልኩ። ሰው እንድሥል ሲያዙኝ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። የኔታ እኔ ሮብ ገበያ እያለሁ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ደርሻለሁ። ወደ ማዕከሉ ስመለስ ማባዣው ቀርቶ ኮምፒውተር ገብቷል። ቀስ በቀስ ሰው መሣል ጀመርኩ። የሚያልበው፣ የሚያነክሰው፣ ተቀምጦ የሚተነፍሰው። ሥዕሎቼ አዝናኝ አይደሉም እያሉ የሚያሙኝ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ልጄ ሕይወት፣ መልሴ ይኸውልሽ። ከመዳፏ መብረቅ የምትወረውረውን ሴትሽን አትተያት። እንደሷ አይነቷ ልዕለ ኃያል ማንንም አታሳስትም፤ ማንም ጎረቤቱን «መብረቅ ወርውር እንጂ» አይለውም። የሚበረውን ሰው ማንም ተከትሎ ከገደል አይዘልም፤ ራሱ ክንፍ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። የሚያስፈራው ከእኛ በስንዝር ብቻ ከፍ ያለው ነው። ስሙን የምናውቀው፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ልጆች ያሉት፤ እና ድካሙን ብቻ የነሣነው። ስንዝሯን የሚጨምርለት ደግሞ ሠዓሊው ነው፤ አንዲት ዘንግ ያወጣል፤ ውኃውን በሁለት ጣት ዝቅ ያደርጋል። ሰው የት ላይ እንዳለቀ፣ የተጨመረለት የት ላይ እንደጀመረ መስመሩ አይታይም። ወንድሜ ምን ኃይል ነበረው ላልሽኝ፣ አንድ ሰው አዝሎ፣ ዘንግ ይዞ፣ መካከል ላይ ቆሞ እየተነፈሰ የሞላ ወንዝ መሻገር ይችል ነበር። ይህ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ብዙ መሆኑ አልታየኝም።

ጥሩወርቅ ሦስት ዓመት አላናገረችኝም። በበዓል ምግብ ስልክላት ዕቃው ባዶውን ተመልሶ ይመጣል፤ ቃል የለም። በአራተኛው ዓመት መስከረም፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ከመዘዋወሬ በፊት በነበርኩበት የደብረ ማርቆስ ቤት፣ በሩ ተንኳኳ። ጥሩወርቅ ናት። የወንድሜን የበኩር ልጅ ማስተዋልን ይዛለች። ልጅቱ ሰባተኛ ክፍል አልፋለች፤ ቁመቷ አባቷን ነው።

ጥሩወርቅ አልተቀመጠችም። «ከአንቺ ጋር ሆና ትማር» አለች። «ሒሳቡን፣ እንግሊዝኛውን፣ ያሻሽን አስተምሪያት። ሥዕል ግን አይሆንም።»

«እሺ» አልኳት።

የልጅቱን ልብስ ከዘንቢሉ አውጥታ አልጋው ላይ አንድ በአንድ አጣጥፋ አስቀመጠች። ምሳ ቅመሽ ብላት አልበላችም። ልጇን ግንባሯን ሳመቻት፤ እኔን በእጇ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፤ መኪናው ሳያመልጣት ወጣች።